የወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጎንደር እንዲደርስ ዕቅድ ስናዘጋጅ የተማርኩት

ጎንደር ከተማ ውስጥ በክትባት ሥራ የቆየሁ የጤና ባለሙያ ነኝ። ከኮቪድ-19 የክትባት ዘመቻ በኋላ፣ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቢነሣ ክትባቱ ለከተማዋና በዙሪያዋ ላሉ ወረዳዎች በምን መንገድ እንደሚዳረስ የሚያሳይ ዕቅድ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አዘጋጅቻለሁ። ሥራውን የጀመርኩት «ክትባቱ መቼ ይደርሰናል?» ከሚለው ጥያቄ ነው፤ ይህ ካልታወቀ ስለ ማቀዝቀዣና ስለ መኪና የሚጻፈው ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራልና።

መልሱን የፈለግሁት በኤች1ኤን1 («የአሳማ ጉንፋን» በተባለው ኢንፍሉዌንዛ) ወረርሽኝ ታሪክ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም. ወረርሽኙን ሲያውጅ፣ ሀብታም አገሮች ከአምራቾች ጋር የቅድሚያ ግዢ ውል ስለነበራቸው ገና ያልተመረተው ክትባት አብዛኛው በስማቸው ተይዞ ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአመዛኙ ቫይረሱን በዶሮ እንቁላል ውስጥ በማራባት ስለሚዘጋጅ፣ አዲሱ ቫይረስ ከተለየበት ጊዜ አንሥቶ የመጀመሪያው ምርት እስኪወጣ ከ5 እስከ 6 ወራት ይወስዳል፤ የፋብሪካዎቹም አቅም ወረርሽኝ ስለመጣ ብቻ በአንድ ጊዜ አይጨምርም። ድርጅቱ በልገሳ አሰባስቦ ያከፋፈለው 78 ሚሊዮን ዶዝ ያህል ለ77 አገሮች ደርሷል፤ ነገር ግን ስርጭቱ የተጀመረው በ2002 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ፣ በብዙ አገሮች የበሽታው ዋነኛ ማዕበል ካለፈ በኋላ ነበር። ለመዘግየቱ ምክንያቱ ምርቱ ብቻ አልነበረም። ተቀባይ አገር ፍላጎቱን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂነትን ጭምር የሚመለከት ስምምነት መፈረምና አገራዊ የስርጭት ዕቅድ ማቅረብ ነበረበት፤ የመድኃኒት ተቆጣጣሪውም ክትባቱን መፍቀድ ነበረበት። ይህን ሳነብ በጣም አዘንኩ፤ ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ በሰላሙ ጊዜ ሊያልቁ የሚችሉ ነበሩና።

የፍትሕ ጥያቄም አለ። ኢንዶኔዥያ በ1999 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ናሙና ለዓለም ጤና ድርጅት መላክ ያቆመችው፣ ከእርሷ ናሙና የሚሠራውን ክትባት ሕዝቧ ሊገዛው አይችልም በሚል ነበር። ከዚያ ክርክር በኋላ በግንቦት 2003 ዓ.ም. በጸደቀው የቫይረስ ናሙናና የክትባት መጋራት ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ መሠረት፣ አምራቾች ከወረርሽኝ ጊዜ ምርታቸው የተወሰነውን ድርሻ ለዓለም ጤና ድርጅት ለማቅረብ በውል ይገባሉ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም በውል የተያዘ ድርሻ ቦሌ ቢደርስ እንኳ ከቦሌ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደርም እስከ ጤና ኬላ ያለውን መንገድ የምናዘጋጀው እኛው ነን።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን የማከማቻ ቦታ ስሌት ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ይኖርበታል፤ በረዶ ከሠራም ይበላሻል። በልገሳ የሚመጣ ክትባት በምን ማሸጊያ እንደሚመጣ ደግሞ ተቀባዩ አይመርጥም። በአንድ ብልቃጥ 10 ዶዝ ከሆነ ጥቂት ቦታ ይበቃዋል፤ እያንዳንዱ ዶዝ በተሞላ መርፌ ከመጣ ግን ያው ማቀዝቀዣ የሚይዘው ሰው ቁጥር እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ስሌቱን ለሁለቱም ሠርተን፣ የተሞላ መርፌ ከመጣ ወደ ማክሰኝት፣ ወደ ትክል ድንጋይና ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚሄደው በዙር እንዲላክ ወሰንን። ማቀዝቀዣ ለሌላቸው ጤና ኬላዎች በቫክሲን ካሪየር (ቅዝቃዜ በሚጠብቅ የክትባት መያዣ ሣጥን) ሲላክ፣ በውስጡ የሚቀመጠው አይስ ፓክ (በረዶ የሠራ ውሃ የያዘ ጠፍጣፋ ዕቃ) ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ መኖሩ እስኪሰማ ድረስ ውጭ መቆየት እንዳለበትም በዕቅዱ ላይ በግልጽ ጻፍን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከስንት ድርድር በኋላ የተገኘ ክትባት በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች በበረዶ እንዲበላሽ መፍቀድ ይቅር የማይባል ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ቅድሚያ ለማን ይሰጥ የሚለው ነበር። የመደበኛው ክትባት አሠራራችን በዋናነት ሕፃናትን የሚያውቅ ሲሆን፣ በኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጣቸው የጤና ባለሙያዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ነፍሰ ጡሮችን በእርግዝና ክትትል እናገኛቸዋለን፤ የአረጋውያን ዝርዝር ግን አልነበረንም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ በእድሮች በኩል እንሂድ ባሉት መሠረት የእድር ሰብሳቢዎችን አነጋገርን። ውይይቱ የተከፈተው በ1911 ዓ.ም. በደረሰው የኅዳር በሽታ ወሬ ነበር፤ ዛሬም በኅዳር 12 ቆሻሻ ስናጤስ የምናስበው መቅሠፍት ያው ኢንፍሉዌንዛ መሆኑን ሳስረዳ ጉዳዩ ለሁሉም ቅርብ ሆነ። ሐኪሞች ይቅደሙ ስል ቅሬታ ይነሣል ብዬ ሰግቼ ነበር። አንድ አባት ግን፣ «ልጄ፣ ሐኪሙ ከወደቀ እኛን ማን ያነሣናል? እነሱ ይቅደሙ፤ ብቻ ተራው ለሕዝብ ይነገር፤ በጓሮ የሚገባ እንዳይኖር» አሉኝ። ይህ ቃል የዕቅዱ አንድ አንቀጽ ሆኖ፣ የቅድሚያ ተራው በየቀበሌው እንዲለጠፍ ተደንግጓል። የጥምቀት በዓል እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ከተማችን ስለሚያመጣም፣ ክትባቱ ከጥር በፊት ከደረሰ በበዓሉ የሚያገለግሉ የጤና ሠራተኞች ቀድመው እንዲከተቡ አድርገናል።

ከሥራው ያገኘሁት ዋነኛ ትምህርት፣ በሰላሙ ጊዜ ኢንፍሉዌንዛን የማይከትብ አገር በወረርሽኝ ጊዜ ሁሉንም ከዜሮ እንደሚጀምር ነው። የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን የመደበኛው ክትባት አካል አይደለም፤ በዚህም ምክንያት የለመደ አቅርቦትም፣ አዋቂዎችን የመከተብ ልምድም በበቂ አልዳበረም። ለክልሉ ባቀረብነው ሐሳብ፣ ቢያንስ በሽተኞችን በቀጥታ የሚያክሙ ባለሙያዎች በየዓመቱ ቢከተቡ የምዝገባው፣ የግዢውና የስርጭቱ መንገድ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ አስረድተናል። ገንዘብ ስለሚጠይቅ ውሳኔው ከእኛ በላይ ነው። የአረጋውያኑን ዝርዝር ከእድሮች ጋር በየጊዜው ማደስ ግን ከእኛ አቅም በላይ ስላልሆነ ጀምረነዋል።