ሰዓቱ ወደኋላ የሚቀረው ማይክሮዌቭ

ማይክሮዌቩ እኛ ጋ ሲመጣ ሌላ ጥገና ቤት ደርሶ የተመለሰ ነበር። እዚያ ማግኔትሮኑን፣ ማለትም ምግብ የሚያሞቀውን ሞገድ የሚያመነጨውን ክፍል፣ ቀይረውለታል። ችግሩ ግን እንዳለ ነው፤ ይጮሃል፣ ይግላል፣ ምግብ በቅጡ አያሞቅም። ያመጡት አንዲት እናት ናቸው፤ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ዕቃ ነው።

"220ውን 110 የሚያደርግ ትራንስፎርመር ገዝቼለታለሁ እኮ፣ ልጄ" አሉኝ እናት።

ለካሁት። ቮልቱ ልክ ነው። እሳቸው ቀጠሉ፦ "ሰዓቱም ውሸታም ነው። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል።"

ፍንጩ ይሄ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሰዓት የሚቆጥረው የመብራቱን ሞገድ ነው። አሜሪካ በሰከንድ 60፣ እኛ ጋ 50፤ ይህ ቁጥር ፍሪኩዌንሲ ይባላል፣ መለኪያው ኸርዝ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ደቂቃ ብቻ ይቆጥራል። የገዙት ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይነካም።

ሰዓቱስ ይዘግይ፣ ጉዳት የለውም። ጣጣው ውስጥ ነው። እዚያ የማይክሮዌቩ የራሱ አንድ ከባድ ትራንስፎርመርና አንድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) አሉ፤ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ትራንስፎርመር በብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ ጥቅል ሽቦ ደግሞ ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ከረንቱን ያግዳል፣ ሲቀንስ ይለቃል። ከ60 ወደ 50 ሲወርድ እገዳው በአንድ ስድስተኛ ይላላል። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ለ60 ኸርዝ ተመጥኖ የተሠራው ብረት ግን በማግኔት ይጠግባል፣ ማለትም ተጨማሪ ማግኔት መያዝ ያቅተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ከረንቱ ያለልክ ያሻቅባል። ጩኸቱም ግለቱም ከዚህ ነው።

ካፓሲተር ተገላቢጦሽ ነው፤ ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ ያጠብቃል። የመያዝ አቅሙ 1 ማይክሮፋራድ የሆነው በ60 ኸርዝ 2,650 ኦም (የእገዳ መለኪያ ነው) ገደማ ያግዳል፤ በ50 ወደ 3,180 ይወጣል። ማግኔትሮኑ ጋ የሚደርሰው ኃይል በዚያው ልክ ይሳሳል። ማግኔትሮን መቀየር ለዚህ ምን ይፈይዳል?

(ቤታችሁ ከፍታችሁ ልታዩት የምታስቡ ካላችሁ፣ ተዉት። ያ ካፓሲተር ሶኬቱ ተነቅሎም ቻርጅ ይዞ ይቆያል፤ ሰው ይገድላል።)

"ታዲያ አይሠራም?" አሉኝ።

"የውስጡ ትራንስፎርመርም ካፓሲተሩም ለ50 ኸርዝ በተሠራ መቀየር አለባቸው፣ እናቴ። አዲስ መግዛት ይሻልዎታል።"

"ጁስ መፍጫውስ? አብራ ነው የላከችው።"

"እሱ ሞተሩ ባለብሩሽ ነው። 110 ካገኘ 50 ይሁን 60 ግድ የለውም።"

እዚያው ቆመው ልጃቸው ጋ ደወሉ። "ስሚ፣ ከእንግዲህ ዕቃ ስትልኪ ከጀርባው 50 የሚል ቁጥር ፈልጊ። ከሌለው እዚያው ተጠቀሚበት!"