ዶክተሩ ዛሬ አሉ? ጅማ ላይ ክሊኒክ በሶሻል ሚዲያ ሳስተዋውቅ የተማርኩት

ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። የክሊኒኩ ስልክ፣ የፌስቡክ ፔጁ፣ የቴሌግራም ቻናሉና የቲክቶክ አካውንቱ በእኔ እጅ ነው። ሥራውን ስረከብ ባለቤቶቹ የነገሩኝ "ሰው ይወቀን" ብቻ ነበር። እንዴት የሚለውን እየሠራሁ ነው የደረስኩበት። ሌላ ክሊኒክ ውስጥ ይሄው ሥራ የተጣለበት ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ፖስት ማድረግ ከመጀመሬ በፊት ከካርድ ክፍሉ ስልክ ጎን ደብተር አስቀመጥኩ። የሚደውል ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ በአጭሩ ጻፍኩ። "ክሊኒካችሁ ጥራት አለው ወይ?" ብሎ የደወለ የለም። ዶክተሩ ዛሬ አሉ? አልትራሳውንድ ስንት ነው? ቁርስ ሳልበላ ልምጣ? በጤና መድን ታክማላችሁ? ከአጂፕ በየት በኩል ናችሁ? ጥያቄው ይሄ ነው። እስከ ዛሬ የምለጥፈው ነገር በሙሉ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። "ጥራት ያለው አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ" የሚለውን ከፔጁ ላይ አጠፋሁት። ሁሉም ክሊኒክ በሩ ላይ የለጠፈው ስለሆነ ለታካሚ ምንም አይነግረውም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። ጅማ ትልቁ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ያለባት ከተማ ናት። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉባቦር ሳይቀር ታካሚ ይመጣል። ብዙ ስፔሻሊስት ቀን መንግሥት ቤት ውሎ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው ወደ ግል ክሊኒክ የሚመጣው። ተረኛ ከሆነ አይመጣም። ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ከገጠመው ይዘገያል። ከሰቃ ወይም ከአጋሮ ሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣ ሰው ግን ይሄን በምን ያውቃል? የትራንስፖርቱን ከፍሎ፣ የቀን ሥራውን ትቶ መጥቶ "ዛሬ የሉም" ሲባል ፊቱ ላይ የሚታየውን እኔ ነኝ በመስኮት የማየው።

ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት፣ ሰው ከመሳፈሩ በፊት፣ አንድ አጭር ጽሑፍ እለጥፋለሁ። እንዲህ ነው የሚመስለው፦ "ዛሬ ሐሙስ። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ከ11 ሰዓት ጀምሮ አሉ። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ዛሬ የሉም፣ ነገ ከ11፡30 ጀምሮ አሉ። አልትራሳውንድ ይሠራል። መብራት ቢጠፋም ጄኔሬተር አለ።" ፎቶ የለውም፣ ጌጥ የለውም። ብዙ ዳታም አይበላም። በኋላ የቀረ ሐኪም ካለ እዚያው ላይ አስተካክላለሁ።

"የሉም" ብሎ መለጠፉ ባለቤቶቹን አሳስቧቸው ነበር። ታካሚ እናባርራለን ብለው ፈሩ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን በከንቱ የተመለሰ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ እንደሚያወራ አውቅ ነበር። ጸናሁበት። ዛሬ ከዴዶ የሚደውል ሰው "ቻናሉ ላይ አይቻለሁ፣ ነገ እመጣለሁ" ይለኛል። የለንም ስንል ስላመነን፣ አለን ስንልም ያምነናል።

የጅማን ሳምንት ማወቅም ይጠይቃል። ሐሙስ ትልቁ ገበያ ነው። ለገበያ የመጣ ሰው በዚያው ይታከማል። ስለዚህ የረቡዕ ማታው ፖስት ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጥብኛል። ዓመቱም እንደዚያው ነው። ክረምት ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ሲገባ በጊቤ ግድብ ዙሪያ ካሉት ቆላ ቀመስ ቦታዎች የወባ ትኩሳት ይበረታል። ያን ጊዜ ስለ ትኩሳትና ስለ ደም ምርመራ እጽፋለሁ። ቡና ከተሸጠ በኋላ ደግሞ "ቡናዬን ልሽጥና እታከማለሁ" ብሎ ሕመሙን ያስተኛው ሁሉ ይመጣል፤ የቀጠሮ መልእክት ያኔ ነው የሚሠራው። ረመዳን ሊገባ ወር ገደማ ሲቀረው የስኳር ታማሚዎች ጾሙን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ እናሳስባለን። ይሄን በመጨረሻው ሳምንት መለጠፍ ጥቅም የለውም። መድኃኒት ለማስተካከል ጊዜ ያስፈልጋል።

ቋንቋው ላይ ምንም ድርድር የለም። መጀመሪያ አፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎ አማርኛ። በመተርጎሚያ አፕ የተገለበጠ የጤና መልእክት አልለጥፍም፤ አንድ ቃል ቢሳሳት መድኃኒት አወሳሰድ ይሳሳታል። አብራኝ የምትሠራ የሰርቦ ልጅ የሆነች ነርስ አለች። እሷ ጽፋ ታነባዋለች፣ በድምፅም እንቀርጸዋለን። የድምፅ መልእክት ይሄን ያህል ይሠራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ማንበብ የማይችሉ እናትና አባቶች ከልጆቻቸው ስልክ ላይ ይሰሙታል። ከቴሌግራም ወደ ዋትሳፕ፣ ከዋትሳፕ ወደ ኢሞ እየተላለፈ ይሄዳል።

ይሄ ወደ ትልቁ ነገር ያመጣኛል። ፖስቱን የሚያየውና የሚታከመው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ከጅማ ዙሪያ ብዙ ልጆች ሳውዲና ዱባይ ናቸው። የወላጆቻቸውን ሕክምና የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። አንድ ማታ ከጅዳ የድምፅ መልእክት ገባ። "እህቴ፣ እናቴ ሊሙ ገነት ነው ያለችው። ቁርጥማት ነው ትላለች፣ ግን ሌሊት ሌሊት ውኃ ትጠጣለች፣ ለሽንትም ትነሳለች። ገንዘብ ልኬ ነበር፣ ለራሷ አላዋለችውም። ማን ጋ ልላካት?" ትላለች። ድምፅዋ ውስጥ ድካም አለ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ በሽታ አልነገርኳትም። "እህት፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ሐሙስ አሉ። እማማ ሲመጡ ምንም ሳይበሉ ይምጡ፣ ውኃ ግን ይጠጡ። የካርዱና የምርመራው ይሄን ያህል ነው። ለእኔ ከምትልኪ ለእናትሽ ወይ አብሯቸው ለሚመጣው በቴሌብር ላኪ፣ ደረሰኙን እዚህ ሲከፍሉ ይቀበላሉ" አልኳት። እናትየው ከወንድሟ ጋር መጡ። ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ የላከችልን ሰው ብዛት የትኛውም ባነር አያመጣውም። የዋጋ ዝርዝራችንን በግልጽ መለጠፍ የጀመርነውም ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ልጆች ጥያቄ ተነስተን ነው። ሩቅ ሆኖ የሚከፍል ሰው የሚፈልገው የሚልከውን ብር ልክ ማወቅ ነው።

ቪዲዮም እንሠራለን፣ ግን ጥቂት ነው። በብዛት የተላለፈልን የላብራቶሪ ባለሙያችን ቆሞ ያስረዳው ነው። ለስኳር ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ መቆየት ያስፈልጋል፣ ውኃ ይፈቀዳል ይላል። ሲኒ አንስቶ ደግሞ "ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት አይባልም" ይላል። ጅማ ላይ ማለዳ ቡና ሳይቀምስ ከቤት የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ስኳር የገባበት ቡና ውጤቱን ያበላሸዋል። ታካሚው ተመልሶ ሌላ ቀን ይመጣል፣ ያውም ከሩቅ። የሆድ አልትራሳውንድ ሳይበሉ እንደሚመጡለት፣ የማህፀን አካባቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ጠጥቶ ፊኛ ሞልቶ እንደሚመጣለትም አብሮ አለ። ሽንት ሲሰጥ የመጀመሪያውን ትቶ መካከለኛውን መያዝ እንደሚገባም እንዲሁ። ይሄ ቪዲዮ ክሊኒካችን ጎበዝ ነው አይልም። ያየው ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ምርመራውን ጨርሶ ይሄዳል።

የታካሚ ፊት አንለጥፍም። "ፕሮሞሽን እንሥራላችሁ" ብሎ የመጣ ሰው የዳነች ታካሚ እያመሰገነች ቅረጹ፣ ከሕክምና በፊትና በኋላ ፎቶ አሳዩ ብሎን ነበር። አይሆንም አልኩ። ሰው ሲታመም እምቢ ለማለት አቅም የለውም። ሐኪሙን ማስቀየም ስለሚፈራ ብቻ እሺ ይላል። ከሰብዓዊነቱ ሌላ ሕጉም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ያስገባዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። "መቶ በመቶ እናድናለን" ብሎ የሚለጥፍ ክሊኒክ ይሄን ቢያነበው ጥሩ ነው። ጅማ ደግሞ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባት ከተማ ናት። አንዲት ሴት የማህፀን ሐኪም ጋ መጥታ ወረፋ ስትጠብቅ ከጀርባ በቪዲዮ ብትታይ ሰፈሩ በሻርፗ ይለያታል። ስለዚህ የመጠበቂያ ክፍሉን የምንቀርጸው ባዶ ሲሆን ነው።

ክፍያ ስላለው ማስታወቂያ ብዙ አልልም። ፌስቡክ ላይ ከተማ መርጦ ዙሪያውን በርቀት መወሰን ይቻላል። ይሄ ለክሊኒክ ይጠቅማል፤ መቀሌ ያለ ሰው ላይክ ቢያደርግ አይታከምም። ክፍያው ግን የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይፈልጋል፣ በአማላጅ ነው የምናስከፍለው። "የስኳር ሕመም አለብዎት?" ብሎ የሚጀምር ማስታወቂያ ፌስቡክ አይቀበልም፣ የሰውን ሕመም እንደሚያውቅ ሆኖ መናገርን ይከለክላል። "የስኳር ክትትል እንሰጣለን" ማለት ግን ይቻላል። ብር የምናወጣው ከአዲስ አበባ ስፔሻሊስት ለጥቂት ቀን ሲመጣ ብቻ ነው። ቀኑ የተወሰነ ስለሆነ ያኔ ያዋጣል። ላይክ የሚሸጡትን ተዉአቸው።

ብር ሳይወጣበት ብዙ የጠቀመን ጎግል ማፕ ነው። ቦታችን ከአስፋልቱ ማዶ ነበር የሚታየው። ባጃጅ ነጂዎች ማፑን እያዩ ሰው ሌላ በር ላይ ይጥሉ ነበር። ጎግል ባለቤትነትን አሁን ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ነው የሚያረጋግጠው። መንገዱን፣ የበሩን ታፔላ፣ ቁልፍ ከፍተህ ስትገባ ሳታቋርጥ መቅረጽ ነው። ምሽት ላይ አይሠራም፣ ታፔላው ይጨልማል። ጠዋት አድርጉት። ከዚያ የሥራ ሰዓቱን አስገቡ፣ ግን ተጠንቀቁ። ማፑ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያነበው። የእኛ 2 ሰዓት ጠዋት ለእሱ 8 ነው።

ኢንቦክስ ላይ የቁስል ፎቶ ልኮ "ምን ልግዛ?" የሚል ሰው በየቀኑ አለ። መድኃኒት በጽሑፍ አናዝም፣ ሐኪሞቻችንም ተስማምተውበታል። ከላይ ፒን ያደረግነው መልእክት ግን አለ። ነፍሰ ጡር ሆና ደም የሚፈሳት፣ የሚንቀጠቀጥ ሕጻን፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ወደ እኛ አትምጡ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ ይላል። የጤና መድን ካርድ ያለውንም እንዲሁ ነው፤ እኛ ጋ ስለማይሠራ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ እንለዋለን። ያለ አግባብ ከሚከፍል ታካሚ፣ የት መሄድ እንዳለበት የነገርነው ሰው ይሻለናል። ሌላ ቀን ይመለሳል፣ ባይመለስም ትክክሉ እሱ ነው።

ቅሬታ ሲመጣ ኮሜንቱን አናጠፋም። "ሦስት ሰዓት አስጠበቁኝ" የሚል ኮሜንት ስር ሰዎች መልስ ይጠብቃሉ። መልሱ ላይ ሰውየው እኛ ጋ ታክሟል ብሎ ማረጋገጥ እንኳ ምስጢር ማውጣት ነው። ስለዚህ "ስለገጠመዎት መጉላላት እናዝናለን፣ በዚህ ስልክ ይደውሉልን" ብለን በስልክ እንጨርሳለን። ጥፋቱ የእኛ ከሆነ ወረፋ አያያዙን እናስተካክልና የተስተካከለውን እንለጥፋለን።

ሁሉንም አንድ መድረክ ላይ አታድርጉት። በ2015 ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተዘግተው ነበር። ቪፒኤን የሌለው ሰው ምንም አያይም ነበር። ያን ጊዜ ያዳነን ካርድ ክፍል ውስጥ በፈቃድ የሰበሰብነው የስልክ ቁጥር ነው። የቀጠሮ አስታዋሽ በአጭር መልእክት እንልክ ነበር፣ አሁንም እንልካለን። መልእክቱ ላይ የሕመሙ ስም አይጻፍም። ስልኩን ባል ወይም ልጅ ሊያነበው ይችላል። "ነገ 11 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት" ይበቃል።

ሥራው ሰው ማምጣት አለማምጣቱን የማየው በካርዱ ላይ ነው። አዲስ ካርድ ሲወጣ "እንዴት አወቁን?" ብለን እንጠይቃለን። አብዛኛው "ሰው ነግሮኝ" ይላል። እዚያ ላይ አላቆምም፣ "ማን ነገረዎት?" እላለሁ። "ልጄ ከሳውዲ ደውላ"፣ "የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ አሳይቶኝ" የሚለው መልስ የሚመጣው ከዚህኛው ጥያቄ ነው። ባለቤቶቹ በጀት ሲቆርጡ የማሳያቸው ይሄን ዓምድ ነው፣ የላይክ ቁጥር አላሳያቸውም። ገና የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ ፔጁን በአንድ ሠራተኛ የግል አካውንት ብቻ አትክፈቱ። ሠራተኛው ሲለቅ ፔጁም አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ አድሚን ይኑር፣ ሲሙም በክሊኒኩ ስም ይውጣ።