የትግበራ ዕቅዱና የመዝገብ ቤቱ ደብተር

ሰኞ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ

ዛሬ ለማኔጅመንቱ ላቀርበው የነበረውን የትግበራ ዕቅድ በአንድ ሳምንት እንዲያራዝሙልኝ ጠየቅሁ። ሰነዱ ዐርብ ዕለት ተጠናቆ፣ ሠንጠረዡ በቀለም ተለይቶ፣ ሽፋኑ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ሳይቀር ተቀምጦለት ነበር። በዕቅዱ መሠረት በዋናው መሥሪያ ቤትና በሦስቱ ቅርንጫፎች የሚገኙ 230 ሠራተኞች በሙሉ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደው፣ ሰኞ መስከረም 12 ቀን በአንድ ላይ ወደ ቲምስ፣ ማለትም መልእክትና ሰነድ በጋራ ወደምንሠራበት የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር፣ ይገባሉ፤ ከጥቅምት ወር ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውስጥ ደብዳቤ በወረቀት አይስተናገድም። ዛሬ ጠዋት በመዝገብ ቤት ያሳለፍሁት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይህን ሁሉ አፈረሰው። ነገ ምክንያቱን እጠየቃለሁና፣ ሐሳቡ ትኩስ ሳለ እዚህ ላሰፍረው ፈለግሁ።

ላለፉት ወራት የተሰበሰብንባቸውን ጉዳዮች ሳስታውስ፣ ስለ ክፍያ ካልሆነ በቀር ስለ ሥራው የተነጋገርንበት ስብሰባ ትዝ አይለኝም። ክርክሩ አግባብ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። የአጠቃቀም ክፍያው በነፍስ ወከፍ፣ በየዓመቱና በዶላር የሚታሰብ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቆ፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ማለፉን ያየ የፋይናንስ ኃላፊ እያንዳንዱን ተጠቃሚ ቢቆጥር አይፈረድበትም። ኔክስትክላውድ የተባለውን የሰነድ ማጋሪያ ሶፍትዌር በራሳችን ሰርቨር ላይ እንጫን የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩን የሚያስነሣውና በየሳምንቱ ባክአፑን የሚፈትሸው ሰው ግን በነጻ አይገኝም። ኢሜይላችን ቀድሞውኑ በማይክሮሶፍት ስለሆነ በመጨረሻ ቲምስ ተመረጠ። በዚህ ምርጫ አሁንም አልጸጸትም።

ስሕተቴ የጀመረው፣ ሠራተኛው እስከ ዛሬ በጋራ የሚሠራበት መሣሪያ እንደሌለው አድርጌ ማሰቤ ላይ ነው። አንደኛው መሣሪያ በየሰው ኪስ ያለው ቴሌግራም ነው። «ጠቅላላ ሠራተኞች» በሚለው ግሩፓችን ውስጥ የለቅሶ መርዶ፣ የአርሴማ ዝክር ፎቶግራፍ፣ የኢድ መልካም ምኞትና የጨረታ ሰነድ ረቂቅ ተከታትለው ይገኛሉ። የጨረታው ረቂቅ ከዚያ መውጣት እንዳለበት አያከራክርም፤ መርዶውና መልካም ምኞቱ ግን እዚያው ቢቀሩ ይሻላል። በዐርቡ ዕቅዴ ግሩፑ ራሱ እንዲዘጋ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። አባቱ ያረፉበትን ባልደረባ ለማጽናናት የሥራ አካውንቱንና ፓስወርዱን የሚያስታውስ ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት እንዳሰብሁ ለራሴም አይገባኝም።

ሁለተኛው መሣሪያ መዝገብ ቤት ነው፤ ኃላፊዋም ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴት ናቸው። ዛሬ የሄድሁት ለሥልጠናው የሚሆኑ የደብዳቤ ናሙናዎችን ለመውሰድ ብቻ ነበር። እዚያው እያለሁ አንድ የግዥ ባለሙያ መጥቶ፣ በሰኔ ወር ከአንድ አቅራቢ የገባ ደብዳቤ የት እንደደረሰ ጠየቃቸው። ደብተራቸውን ገለጡ፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱና «ሥራ አስኪያጁ ለሕግ ክፍል መርተውታል፤ ሕግ ክፍል ደግሞ አስተያየት ጽፎ ለእናንተው መልሷል፤ የፈረመው ያንተ ጎረቤት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ፈልገው» አሉት። ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ወሰደባቸው። ባለሙያው ሄዶ አገኘው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እናንተ በምታመጡት ላይ አለቃው ‹ተነጋገሩበት› ብለው ሲመሩ የሚጽፉት የት ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «እትዬ፣ አስተያየት መስጫ ቦታ አለው፤ እዚያ ይጽፉበታል» ብዬ መለስሁ። «እሱንስ ማን ያየዋል? የተመራለት ሰው አላየሁም ቢልስ ፊርማው የታለ?» አሉኝ። ምንም የምመልሰው አልነበረኝም።

አንድ ገቢ ደብዳቤ የሚያልፍበትን መንገድ ሙሉ በሙሉ እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። ደብዳቤው ይገባል፤ የገቢ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ወደ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል፤ እርሳቸው በኅዳጉ ላይ በእጃቸው ይመሩታል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስና የተመራለት ክፍል ተጽፎበት፣ ተላላኪው አስፈርሞ ያስረክበዋል፤ የክፍሉ ኃላፊ ለባለሙያ በድጋሚ ይመራዋል፤ ባለሙያው ምላሽ ያረቅቃል፤ ረቂቁ ታይቶ ይተየባል፣ ይፈረማል፣ ቲተርና ማኅተም ያርፍበታል፣ ወጪ ቁጥር ይወስዳል፣ ግልባጩም ለሚመለከታቸው ይበተናል። በየመተላለፊያው ላይ የሰው ፊርማ አለ። እኔ «ፎልደሮችን ወደ ቻናል ማዛወር» ብዬ በአንድ መስመር ያለፍሁት ሥራ ይኸው ነበር፤ በዕቅዱ 14 ገጾች ውስጥ «መምራት» የሚለው ቃል አንድም ቦታ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬን ዘግቼ ዕቅዱን በእርሳቸው ዓይን አነበብሁት። የመጀመሪያው ክፍተት፣ የአንድ ሰነድ ዋና ቅጂ የትኛው እንደሆነ አለመወሰኔ ነው። ወረቀት ላይ ጥያቄው መልስ አለው፤ ማኅተም ያረፈበት ዋና ነው፣ የቀረው ግልባጭ ነው። በቲምስ ግን በቻናል፣ ማለትም በአንድ ክፍል የጋራ መወያያ፣ ውስጥ የተቀመጠ ፋይል የሚያርፈው በክፍሉ የጋራ ማከማቻ በሼርፖይንት ላይ ሲሆን፣ በግል ቻት የተላከ ፋይል የሚያርፈው በላኪው የግል ማከማቻ በዋንድራይቭ ላይ ነው። ሠራተኛው ለቅቆ አካውንቱ ሲሰረዝ፣ ማንም ካልቀየረው በስተቀር ያ የግል ማከማቻ የሚቆየው ለ30 ቀን ነው። የቴሌግራም ልማድ ያለው ሰው ደግሞ እጁ የሚቀድመው ወደ ቻት ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ሦስት ዓመት ሙሉ የውል ረቂቆችን በቻት ሲልክ ኖሮ በለቀቀ በሁለተኛው ወር ሰነዶቹ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ማንም በክፋት አንድ ቁልፍ ሳይነካ። ይህን አውቀው ነበር። በዕቅዱ ውስጥ አለማስገባቴ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሁለተኛው የፍለጋው ጉዳይ ነው፤ ሰዓቱን ሁሉ የበላብኝም እሱ ነው። ለሥራ አስኪያጁ በሰጠሁት ገለጻ «ማንኛውም ሰነድ በሰከንድ ይገኛል» ብዬ ነበር። ዛሬ በሙከራ አካውንቱ ላይ 40 ያህል የቆዩ ደብዳቤዎችን ጭኜ ሞከርሁት። «ሥራ» ብዬ ስፈልግ «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን አላመጣልኝም። «ጸሐፊ» ስል «ፀሀፊ» ቀረ። እኛ አንባቢዎች በአንድ ድምፅ የምናነባቸው ሀ፣ ሐና ኀ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ይህም ብቻ ቢሆን በቀለለ፤ «ግዥ» ብሎ የፈለገ ሰው «የግዥ»፣ «ለግዥው»፣ «በግዥ» የሚሉትን አያገኝም፣ «ግዢ» ብለው የሚጽፉትም አሉ። በፍለጋ ጊዜ የቀረውን የቃል ክፍል የሚተካው የኮከብ ምልክት (*) ከቃል መጨረሻ እንጂ ከመጀመሪያ ስለማይሠራ፣ ቅጥያን ከፊት የሚያስቀድም ቋንቋ በዚህ በኩል መውጫ የለውም። ከእነዚህም የባሱ አሉ፤ ዩኒኮድ ከተባለው የጋራ የፊደል ኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተተየቡት ደብዳቤዎች በፍለጋው ዘንድ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ናቸው፤ ስካን ተደርገው የተቀመጡት ደግሞ ፎቶግራፍ ብቻ ናቸው። እትዬ ግን «የዚያ የጣሪያው ጥገና ነገር» ሲባሉ ያውቁታል።

መፍትሔ የመሰለኝ፣ ፍለጋውን በደብዳቤው ይዘት ላይ ሳይሆን እርሳቸው ደብተር ላይ በሚሞሏቸው ዐምዶች ላይ መመሥረት ነው፤ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ የላኪው ስም፣ ጉዳዩ፣ የተመራለት ክፍል። የክፍሎቹና የጉዳዮቹ ስም በእጅ ሳይጻፍ ከዝርዝር ከተመረጠ፣ ግዥም ግዢም የሚል ጣጣ አይኖርም። አሰልቺ ሥራ እንደሚሆን አውቃለሁ።

የሰዓቱን ነገርስ ምን ልበለው! ባለፈው ሳምንት የሙከራ ቡድኑን ለጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ የጠራችው ባልደረባችን በሶፍትዌሩ ላይ 3፡00 የሚለውን ብትመርጥ፣ ጥሪው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለሌሊቱ ተያዘ፤ የአምስታችንም ስልክ ሌሊት ለ9 ሰዓት 15 ደቂቃ ሲቀረው ጮኸ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልተወችኝም። ስቀን ያለፍነው ቢሆንም 230 ሰው ሲሆን አያስቅም፤ በሥልጠናው ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። የስም ዝርዝሩም እንዲሁ ነው። አካውንቶቹን ሲከፍት የነበረው ልጅ የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ስላስገባ፣ ዝርዝሩ በአባት ስም ተደርድሮ ማንም ማንንም አያገኝም ነበር፤ እሱ በግማሽ ቀን ተስተካክሏል።

እንግዲህ አዲሱ ዕቅድ በመዝገብ ቤቱ፣ በግዥ ክፍሉና በሐዋሳው ቅርንጫፍ ይጀምራል፤ ሲደመሩ 24 ሰዎች ናቸው። የሚሠሩትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገቢ ደብዳቤ መመዝገብና መምራት። መነሻው ከመስከረም 12 ወደ ሰኞ ጥቅምት 10 ተዛውሯል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቀን ያረፈው በመስቀል ሳምንት ላይ ሲሆን፣ የግዥ ክፍሉ ግማሽ ለመስቀል ወደ ጉራጌ እንደሚገባ ዓመቱን ሙሉ ሲወራ እየሰማሁ ዘንግቼው ነበር። ለስድስት ሳምንት ወረቀቱ ጎን ለጎን ይቀጥላል። ድርብ ሥራ ነው ብለው እንደሚያጉረመርሙ እጠብቃለሁ፤ እውነታቸውንም ነው። ሆኖም የሐዋሳው የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠ ቀን ደብዳቤው እንዳይቆም ከዚህ ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ወጪ ደብዳቤዎችን ከዚህ ዙር አውጥቻቸዋለሁ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም፣ ደብዳቤ የምንልክላቸው መሥሪያ ቤቶች ማኅተሙን ካላዩ አይቀበሉንም፤ ያንን ጦርነት አሁን መክፈት አልፈልግም። የሠራተኞች የግል ማኅደርም እንዲሁ ይቆያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትን ሁኔታ ጭምር ስለሚደነግግ፣ የሕግ ክፍሉ በጽሑፍ አስተያየት ሳይሰጥበት የማንንም የሕክምና ማስረጃ ወደ ክላውድ አልሰቅልም።

የከበደኝ አንድ አንቀጽ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው በስልካቸው እንዲመሩ የሚጠይቀው። እርሳቸው በብዕር ከመሩ ጸሐፊያቸው ትገለብጣለች፤ እርሷ ከገለበጠች የክፍል ኃላፊዎቹም ለጸሐፊዎቻቸው ይተዉታል፤ በመጨረሻም ሶፍትዌሩ የጸሐፊዎች ሥራ ሆኖ ይቀራል። ይህን በአክብሮት ለመጻፍ አራት ጊዜ ሞከርሁ። «የበላይ ኃላፊዎች አርአያነት» የሚለው ሐረግ ማንንም ስለማያስገድድ ሰርዤ፣ «ከጥቅምት 10 ጀምሮ ዋና ሥራ አስኪያጁ ገቢ ደብዳቤዎችን የሚመሩት በሥርዓቱ ላይ ብቻ ይሆናል» ብዬ ደፈርሁ። ለማብሰሪያው ዝግጅት ባነር፣ ቲሸርትና ኬክ የተያዘው በጀት ለሐዋሳው ቅርንጫፍ ስካነር እንዲውልም ጠይቄአለሁ፤ ኬኩን የሚወዱ አሉና በዚህ ብቻ ልጣላ እችላለሁ።

እትዬ ስወጣ የ2016 ዓ.ም. የተዘጋውን የገቢ መዝገብ እስከ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ድረስ አዋሱኝ፤ ከእጃቸው ሲወጣ የመጀመሪያው እንደሆነ ነግረውኛል። ዝናቡ እንዳያገኘው በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። አሁን እራት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ዐምዶቹን አንድ በአንድ በሙከራ ሥርዓቱ ላይ እየሠራሁ ነው። ስድስቱን ጨርሻለሁ። ሰባተኛው ርእስ የለውም፤ ከአንዳንድ ደብዳቤዎች ጎን ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ ነጥብ ተደርጎበታል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ሁለት፣ በአንዱ ላይ አራት። ምላሽ ያልመጣላቸው ናቸው ብዬ ገምቼ ነበር፤ ነገር ግን ምላሽ የተጻፈላቸውም ላይ አለ። ለጊዜው ባዶ ዐምድ ከፍቼ «የእትዬ ምልክት» ብዬዋለሁ፤ ጠዋት ደብተሩን ስመልስ እጠይቃቸዋለሁ።