ማንም እጅ ያልገባው ኪሳራ

የሸማችን ምርጫ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚሥለው የበጀት መስመርን፣ ማለትም ሸማቹ ገቢውን ሁሉ ቢያወጣ ከሁለት ዕቃዎች ምን ምን ያህል መግዛት እንደሚችል የሚያሳየውን መስመር ነው። በአንድ ዕቃ ላይ ታክስ ሲጣል የመስመሩ ተዳፋትነት ይለወጣል፤ ከገቢ ላይ ቁርጥ ያለ ግብር ሲወሰድ ግን መስመሩ ተዳፋትነቱን እንደያዘ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ልዩነት የሥዕል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በቁጥር ስሠራው ግን ሐሳቤ ተለወጠ።

የአንድ ሰው ገቢ 120፣ የአንደኛው ዕቃ ዋጋ 2፣ የሁለተኛው 1 ይሁን፤ ሰውየውም ገቢውን ምንጊዜም ለሁለቱ እኩል ያካፍላል እንበል። ከአንደኛው 30፣ ከሁለተኛው 60 ይገዛል። በአንደኛው ላይ የ1 ታክስ ተጨምሮ ዋጋው 3 ሲሆን ከእርሱ የሚገዛው ወደ 20 ይወርዳል፣ የሁለተኛው እዚያው 60 ይቆያል፣ መንግሥትም 20 ይሰበስባል። አሁን ታክሱ ይቅርና ያው 20 በቀጥታ ከገቢው ይወሰድ። በቀረው 100፣ በቀድሞው ዋጋ፣ እነዚያኑ 20 እና 60 ዕቃዎች ሳይጎድልበት መግዛት ይችላል፤ እርሱ ግን 25 እና 50 ይመርጣል። የፊተኛውን መግዛት እየቻለ ሌላ መምረጡ የኋለኛው እንደሚሻለው ያሳያል። መንግሥት በሁለቱም መንገድ ያገኘው 20 ስለሆነ፣ ሸማቹ በታክሱ ምክንያት ያጣው ተጨማሪ እርካታ ማንም እጅ አልገባም።

ኪሳራው የሚመጣው ሰዎች ታክሱን ለመሸሽ ምርጫቸውን ስለሚለውጡ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 ግብር በቤት መስኮቶች ቁጥር ይከፈል ስለነበር ብዙዎች መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ። የተደፈነው መስኮት ለመንግሥት ምንም አላስገባም፤ በውስጥ የሚኖሩትን ግን ብርሃንና አየር ነሣቸው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ከዚህ ተነሥቼ ቁርጥ ግብር ይጣል አልልም፤ ድሀውንና ሀብታሙን እኩል ማስከፈል ግልጽ በደል ነው። ይሁን እንጂ የታክስ ተመን ሲጨመር ኪሳራው ከተመኑ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያድግ፣ ተመኑ በእጥፍ ሲያድግ እርሱ ወደ አራት እጥፍ ገደማ እንደሚደርስ ሊታሰብበት ይገባል። እንግሊዛዊው የሒሳብና የኢኮኖሚ ሊቅ ፍራንክ ራምሴይ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ጥናት፣ ይህን ኪሳራ ለመቀነስ ሸማቹ ዋጋቸው ቢጨምርም በማይተዋቸው ዕቃዎች ላይ ከፍ ያለ ተመን መጣል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። አስቸጋሪው ነገር፣ ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ የዕለት ምግብን የመሰሉ፣ ከድሀው ገቢ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱ መሆናቸው ነው።