የእምየ ጣሳዎች፦ የራሳችሁን ሳንቲም ለማስቀየር ለምን ትከፍላላችሁ?

እምየ ጠላ ትሸጣለች። እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። ማታ የመጨረሻው ጠጪ ተነስቶ ሲሄድ የወረቀቱን ብር መቀነቷ ውስጥ ትቋጥራለች፣ ሳንቲሙን ደግሞ አልጋ ስር ካለው የዱቄት ወተት ጣሳ ትጨምራለች። ልጅ እያለሁ የምተኛው ያንን ድምፅ ሰምቼ ነበር። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል።

ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤል ፅዋ ተረኛ እሷ ናት። ጥቅምት ላይ ጠራችኝና አራት ጣሳ ከአልጋው ስር እየጎተተች አወጣች። «ልጄ፣ ይችን ወስደህ ድፍን አድርግልኝ» አለችኝ። ሁለቱን ጣሳ አንድ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

እኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ገንዘብ ነው፣ ሰጥቼ ገንዘብ እቀበላለሁ። ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት የተማርኩትን ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም በየቤቱ እንዲህ ያለ ጣሳ፣ ገንቦ ወይም አሮጌ ካልሲ እንዳለ አውቃለሁ፣ እና ብዙ ሰው ሲቸግረው በርካሽ እየሸጠው ነው። አዎ፣ እየሸጠው። ገንዘብን በገንዘብ።

መጀመሪያ የሄድኩት መናኸሪያ አካባቢ ዝርዝር የሚይዝ አንድ ሰው ጋ ነው። ጣሳውን ከፍቶ አየ፣ በእጁ አማሰለውና «ከመቶው 15 ብር እቆርጣለሁ» አለኝ። ለምን ስለው «ሳንቲም ማን ይፈልገዋል?» አለ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ሸክሙ ሰልችቶኛል። ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ የሚኒባስ ረዳት መጣና ድፍን መቶ ሰጠው፣ ሰውየውም ዝርዝር ቆጥሮ ሰጠው። ረዳቱን ተከትዬ ሄጄ ስንት እንደተቀበለ ጠየቅኩት። «90 ነዋ» አለኝ፣ የሚገርም ነገር እንደሌለ ሁሉ። መቶ ሰጥቶ ዘጠና።

አሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ያ ሰው ከእኔ 90 ብር ዝርዝር በ76 ብር ከ50 ይገዛል። ያንኑ ዝርዝር ለረዳቱ በ100 ብር ይሸጣል። በመሃል 23 ብር ከ50 ይቀራል። እና «ሳንቲም ማን ይፈልገዋል?» ይለኛል! ሳንቲም የማይፈለግ ቢሆን ረዳቱ ለምን 10 ብር ከፍሎ ይገዛዋል? ሳንቲም ተፈላጊ ነው። በጣም ተፈላጊ ነው። ያልተገናኙት ሳንቲም ያለው ሰው እና ሳንቲም የቸገረው ሰው ናቸው።

ከዚያ ወደ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ገንዘብ ተቀባዩ ሳንቲሙን የገለበጥኩበትን ማዳበሪያ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «የሚቆጥር ሰው የለንም፣ ሌላ ጊዜ ሞክር» አለኝ። ወሩ የሚያልቅበት ቀን ነበር፣ ሰልፉ እስከ በር ደርሷል። ያኔ ተናድጄ ወጣሁ። አሁንም ትክክል ነው አልልም፣ ገንዘቡ የሀገሪቱ ህጋዊ ገንዘብ ነው፣ ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ግን ደሞዝ በሚወጣበት ቀን፣ በማዳበሪያ፣ ሳይቆጠርና ሳይለይ ይዤ መሄዴም ነገሩን አላገዘም።

ስለዚህ ወደ ቤት መለስኩትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ማጠብ ነው የመጀመሪያው። የጠላ ቤት ሳንቲም እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ የሚይዘውም ሰው ይጠየፈዋል። ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና አሽተን ሰፌድ ላይ ፀሐይ አሰጣነው። ጎረቤት ያየ ሁሉ እየቆመ ይስቃል። እምየ ግን ኮራች። የሰላሳ ዓመት ድካሟ ሰፌድ ሞልቶ ሲያብረቀርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ ነው።

ከዚያ መለየት። እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። ጣሳዎቹ ዘመን ነበራቸው። ከሁሉ አሮጌው ጣሳ ውስጥ አንድም የ1 ብር ሳንቲም የለም፣ ስሙኒ (25 ሳንቲም) እና ሽልንግ (50 ሳንቲም) ብቻ። ምክንያቱም ያኔ 1 ብር ወረቀት ነበረ። ባለ ሁለት ቀለሙ፣ በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ በሌላው ሚዛን ያለበት የ1 ብር ሳንቲም የወጣው በ2002 ነው። ሽማግሌ ጣሳና ወጣት ጣሳ በሉት። በስሙኒ አንድ ነገር ይገዛ በነበረበት ዘመን የተቀመጠች ስሙኒ፣ ዛሬ ወጥታ ምንም አትገዛም። ይኼ አሳዘነኝ። እምየ ምንም አላጠፋችም፣ ቆጠበች እንጂ። ገንዘቡ ነው ጣሳው ውስጥ ሆኖ እየከሳ የሄደው።

ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ2013 መስከረም ብር ሲቀየር የተቀየሩት ወረቀቶቹ ናቸው፣ የ10፣ የ50 እና የ100፣ የ200 ብርም ያኔ ተጨመረ። የ5 ብር ወረቀትና ሳንቲሞቹ አልተነኩም። እምየ እራሷ «አብሮ ሞቷል ብዬ ነበር» አለችኝ። አልሞተም። እናቶቻችሁ እንዲህ ብለው የደበቁት ካለ ንገሯቸው።

መቁጠሩ ደግሞ ዘዴ አለው። አንድ በአንድ መቁጠር ያሳብዳል። የመጀመሪያዋን ክምር ብቻ ቆጥራችሁ ሥሩ፦ የ1 ብር ከሆነ 10፣ ሽልንግ ከሆነ 20። ሁለቱም 10 ብር ናቸው። ስሙኒ 40 ካልሆነ 10 ብር አይሞላም፣ ክምሩ ስለሚወድቅ ግን 20 እየደረደራችሁ 5 ብር በሉት። ከዚያ ሌላውን ሳትቆጥሩ ከመጀመሪያዋ ክምር አጠገብ በቁመት እኩል እያደረጋችሁ መደርደር ነው። የእህቴ ልጅ ደብተር ጠርዙ ላይ እየለካ ከእኔ በሦስት እጥፍ ፈጠነ። 100 ብር ሲሞላ በአንድ ፌስታል ቋጥራችሁ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጨምሩበት። ይቺ ወረቀት ትልቅ ነገር ናት። ያልተቆጠረ ሳንቲም ሸክም ነው፣ ተቆጥሮ የተቋጠረ ሳንቲም ግን ገንዘብ ነው፣ የሚያየው ሰው ፊት ራሱ ይለያል።

የእምየ ሂሳብ እንዲህ ወጣ። የ1 ብር ሳንቲም 1,460። ሽልንግ 912፣ ማለት 456 ብር። ስሙኒ 1,088፣ ማለት 272 ብር። ባለ 10 ሳንቲም 37 ብር፣ ባለ 5 ደግሞ 3 ብር። በድምሩ 2,228 ብር። ያ ሰውዬ 15 በመቶ ቢቆርጥ ኖሮ 334 ብር ይወስድ ነበር። ለማህበሩ ጠላ የሚሆነው ጌሾ ከዚህች ይወጣል እኮ።

ሜሪላንድ ላለችው እህቴ ስልክ ላይ ስነግራት ሳቀች። እዚያም ያው ነው አለችኝ። ሱፐርማርኬት በር ላይ ኮይንስታር የሚባል ማሽን አለ፣ ሳንቲሙን ስትደፋበት በደቂቃ ይቆጥረዋል፣ ጥሬ ገንዘብ ልውሰድ ካልክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይቆርጣል። እሷ ምን ታደርጋለች? በጥሬው ፋንታ የሱቅ የስጦታ ካርድ ትወስዳለች፣ ለካርድ አይቆርጥም። ለራሱ ደንበኛ በነፃ የሚቆጥር ባንክም አለ አለችኝ። እዚህ ማሽኑ የለም፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። ቆራጩ የሚከፈለው ለመቁጠሩ እና ሳንቲሙን ለሚፈልገው ሰው ለማድረሱ ነው። ሁለቱንም ራሳችሁ ከሠራችሁት ማንም አይቆርጥባችሁም።

የሚፈልገውን ሰው ለማግኘት አንድ ምልክት አለ። መልስ የሚያጣው ማን ነው? መልስ ሲጠፋው ከረሜላ ወይም ማስቲካ የሚሰጣችሁ ሱቅ አለ አይደል? እሱ ጋ ሂዱ። ታሪፉ ድፍን ያልሆነ የባጃጅና የሚኒባስ መስመር አለ? እነሱ ጋ ሂዱ፣ ግን ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀምሩ። እኔ የሰፈራችንን ባጃጅ ነጂዎች ጠዋት ቁርስ ቤት አገኘኋቸውና «መቶውን በመቶ፣ ምንም ሳይቆረጥ» አልኳቸው። አንዱ አላመነኝም። «ጋሼ፣ የአንተ ትርፍ ምንድን ነው?» አለኝ። ትርፌ አለመቆረጤ ነው አልኩት። ፌስታሉን ፈትቶ አንዷን ክምር ቆጠረ፣ ልክ ሆነችለት፣ ከዚያ ጓደኞቹን ጠራ። በአንድ ጠዋት 900 ብር ሄደ።

ከ1 ብሩ ሳንቲም የቀረውን 560 ለጉሊት ሴቶችና ለዳቦ ቤት አደረስኩ። ከጎዛምን ድንችና እንቁላል ይዘው የሚመጡት እናቶች ደንበኛ ድፍን ሲሰጣቸው መልስ ፍለጋ ከአንዱ አንዱ ሲሯሯጡ አይታችኋል፣ ዕቃቸውን ጥለው። ለነሱ 20 ብር፣ 30 ብር፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚበቃቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለካ እንዲህ ያለውን ነው። አንዷ እናት መርቃኝ መርቃኝ አልጠገበችም፣ ለ30 ብር።

ሽልንጉ ትንሽ አስቸገረኝ። ባጃጆቹ አንፈልግም አሉ። ከዚያ አንድ ቀን መድኃኒት ልገዛ ገብቼ ሂሳቡ ከ50 ሳንቲም ጋር ሲመጣ ገንዘብ ተቀባይዋ «ዝርዝር የለህም?» ብላ ስትጠይቀኝ በራልኝ። ዛሬም ሂሳባቸው በሳንቲም የሚያልቅ ቦታዎች አሉ። መድኃኒት ቤት፣ የውሃ ክፍያ፣ እንዲህ ያሉት። ሁለት ሦስት ቦታ አዳርሼ 456ቱንም በሁለት ቀን ጨረስኩ።

ስሙኒውን እና ትንንሾቹን ግን ማንም አልወሰደም። «ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መጽውትበት» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። እኔ በዚህ አልስማማም። ባለ ሱቅ አልቀበልም ያለውን ሳንቲም ለነዳያን መስጠት ምጽዋት አይደለም፣ እነሱም የሚገዙት ከዚያው ሱቅ ነው። ሸክሜን ከእኔ ወደ እነሱ ማዞር ነው የሚሆነው። ለመመጽወት ከሆነ 1 ብሩን ስጡ።

እነዚህን ባንክ ወሰድኳቸው፣ ሌላ ቅርንጫፍ። በዚህኛው ጊዜ ወሩ አጋማሽ ላይ፣ በሥራ ቀን፣ በሩ ሲከፈት ደረስኩ። ደግሞ «ቀይሩልኝ» አላልኩም፣ «እናቴ ሂሳብ ውስጥ አስገቡልኝ» አልኩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማስቀየር እንደ ውለታ ይታያል፣ ማስገባት ግን የባንኩ የራሱ ሥራ ነው፣ ለዚያም ክፍያ የለውም። ፌስታሎቹ ላይ የጻፍኩትን አየችና ልጅቷ ሁለቱን ፈታ ቆጠረች፣ ልክ ሆኑ፣ ሌሎቹንም ቶሎ ቶሎ ጨረሰች። 312 ብር በእምየ ስም ገባ። ምንም አልተቆረጠም።

ከጣሳው ግርጌ የወጣችውን ሳልነግራችሁ። ጠርዟ እንደ አበባ ቅጠል የተቆራረጠ፣ የጃንሆይ መልክ ያለባት፣ 1936 የሚል የተጻፈባት ስሙኒ። በደርግ ጊዜ በ1969 ገንዘቡ ስለተለወጠ እንደ ገንዘብ አትሠራም፣ ግን አትጣሏት። እንዲህ ያሉትን ከመቀየራችሁ በፊት ለዩ። በተለይ የዚያን ዘመን ሽልንግ ካገኛችሁ ብር ነው፣ ማዕድኑን ነው የምላችሁ። ጠገራ ብርም እዚህ ጎጃም በየአያቶቻችን ሙዳይ ውስጥ አሁንም አይጠፋም፣ 1780 የሚል የተጻፈበት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት። ይህን ለማንም ዝርዝር ነጋዴ አታሳዩ፣ በሳንቲም ሂሳብ ይወስድባችኋል።

እምየ አሁንም ማታ ሳንቲሙን ጣሳ ውስጥ ትጨምራለች፣ ልማድ ነው፣ ተይ አልላትም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ያ «የአንተ ትርፍ ምንድን ነው?» ያለኝ ባጃጅ ነጂ ቤት ድረስ ይመጣል። እሷ ቆጥራ ትጠብቀዋለች፣ እሱ ድፍኑን ይሰጣታል፣ ከቀዘቀዘችው ጠላ አንድ ጣሳ ትጋብዘኛለች እያለ ያወራል ለጓደኞቹ። ውሸቱን ነው፣ ሥራ ላይ ስለሆነ ቡና ነው የምትሰጠው።