ካርቡራተሩን ተዉት፣ ሳልባትዮውን አውርዱት

የእኔን ቮልስ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ያልፈታ መካኒክ ጅማ ውስጥ የቀረ አይመስለኝም። ፈረንጅ አራዳ ተፈቷል፣ መርካቶ ተፈቷል፣ አጂፕ አካባቢም አንዱ «ቆይ እስቲ እኔ ልየው» ብሎ ፈትቶታል። ፈትተው በአየር ይነፉታል፣ መልሰው ይገጥሙታል፣ ሒሳብ ይቀበላሉ። እሷም ለጥቂት ቀን ፏ ትላለች። ከዚያ ወደ ጅረን ስወጣ ዳገቱ መሃል ላይ ትንተፋተፍና ቀጥ ትላለች። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወርዱ ባለባጃጆች «ቲቸር፣ እንግፋ?» እያሉ ያልፋሉ። ግማሾቹ አስተምሬያቸዋለሁ፤ ሲስቁ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ።

ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳት ግን ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተደፈነ ጂግለር (የካርቡራተሩ ቀጭን የቤንዚን ቀዳዳ) ቆማችሁ ስለጠበቃችሁት አይከፈትም። አርፎ የሚነሳ መኪና ችግሩ ከካርቡራተሩ በፊት ነው። ፖምፓው ቤንዚን ሲስብ፣ ሳልባትዮው (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) ውስጥ ያለው የዝገት ብናኝ መውጫው ላይ ያለችው ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ትንሽ ስለሚጠጣ ነገሩ አይታወቅም። ዳገት ላይ ብዙ ይፈልጋል፣ የቤንዚኑ መንገድ ጠቧል፣ ካርቡራተሩ ይደርቃል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡም ይቆማል፣ ብናኙ ይረግፋል፣ መንገዱ ይከፈታል። ያኔ ደግሞ ሰው ሁሉ «ሞቃ ነው» ይላል።

የእኔዋ 1300 ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል፣ 6 ቮልት። ከአባቴ ነው የወረስኳት። እሱ ካረፈ በኋላ ጊቢ ውስጥ ቆርቆሮ ስር ለረጅም ጊዜ ቆማለች፣ ያውም ግማሽ ሳልባትዮ ይዛ። ለጅማ አየር ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ዝናብ የምትጠግብ ናት፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሻጋታ የሚያበቅልበት አገር ነው። እርጥብ አየር በመተንፈሻው ይገባል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በባዶው የላይኛው ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል። ጤዛው ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከስር ይተኛል፤ ከስር ያለው ደግሞ መውጫው ነው። ቤንዚን ከከተማ ሲጠፋ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የሚገዛው ሲጨመርበት የውሃውን ነገር አታንሱት።

ስለዚህ ሳልባትዮውን አወርዳለሁ አልኩ። ቮልስ ላይ ይሄ ሥራ ከስሙ ይቀላል። ሞተሩ ከኋላ፣ ሳልባትዮው ከፊት ኮፈን ስር ነው፤ ወደ 40 ሊትር ይይዛል፣ በአራት ቡሎን ብቻ ይታሰራል። ክሪክም ጉድጓድም ብዙ አያስፈልገውም። የሚከብደው ብረቱ ሳይሆን ጭሱ ነው። ጭስ ስል የቤንዚኑን ትነት ማለቴ ነው።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይሄድም፣ መሬት ለመሬት ይሳባል። ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 አካባቢ ከደረሰ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሙሉ ሳልባትዮ ውስጥ ለአየር የሚሆን ቦታ ትንሽ ነው። ባዶው ነው ቦምቡ። ሰው ግን ባዶ ሲሆን ነው የሚዝናናው።

እኛ ጊቢ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይፈላል። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ በረንዳው ከመኪናዋ ጥቂት እርምጃ ነው። ለባለቤቴ «ዛሬ እሳት የለም» ስላት አየችኝና «ቡና የለም ማለትህ ነው?» አለች። ጅማ ላይ እንዲህ ብሎ መናገር ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ረከቦቱም ከሰሉም ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ተሻገሩ። ስኒ በአጥር በኩል እየተቀበልኩ፣ ከእሳት ርቄ ጠጣሁ። ከሰዓት ጫት ይዘው የሚመጡትን ወዳጆቼንም ሲጋራቸውን በር ላይ አስቀረሁ። አንድ ባልዲ አሸዋ እና የእሳት ማጥፊያ አጠገቤ አደረግኩ።

ሥራው የሚጀምረው ከኋላ ወንበር ነው። ባትሪው ወንበሩ ስር ስለሆነ ኔጌቲቩን አስቀድሜ ፈታሁ። ከዚያ ከፊት ያለውን ዕቃ ሁሉ፣ የኮፈኑን ካርቶን ጭምር፣ አወጣሁ። ከሳልባትዮው ወደ ታች የሚወርደውን አጭር ጎማ ቱቦ አውልቄ የቀረውን ቤንዚን በጀሪካን ተቀበልኩ። አወጣጡ ራሱ ይናገራል፦ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል፣ ይቆማል፣ ቱቦውን ስትነኩት ቡናማ ነገር ተፍ ያደርግና እንደገና ይንጠባጠባል።

የቤንዚን ጌጇ በገመድ ነው የሚሠራው። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ የለውም፤ ሳልባትዮው ላይ ያለው ተንሳፋፊ ገመድ ይስባል፣ ገመዱ ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ቀስት ያንቀሳቅሳል። ቁልፍ ብትነቅሉም ቀስቱ ካለበት አይወርድም። ገመዱን በቀስታ አላቀቅኩት፤ አንዴ ከታጠፈ አይቃናም። አራቱን ቡሎኖች ዋዜማውን ዘይት አጠጥቻቸው ስለነበር ሦስቱ በጨዋነት ወጡ። አራተኛው የዝናብ ውሃ የሚያርፍበት ጥግ ላይ ያለው ነው፤ ወደፊት ትንሽ፣ ወደ ኋላ ትንሽ፣ እንደገና ዘይት። እንዲህ ያለውን ቡሎን በጉልበት የሚመጣ ሰው አናቱን ይዞ ይቀራል።

ወጣ። ደጋግሜ በውሃና በኦሞ ካጠብኩት በኋላ የተንሳፋፊውን ክዳን አንስቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ታችኛው ግማሽ፣ ቤንዚን የነበረበት፣ ያን ያህል አይደለም፤ ግራጫ ብረት ይታያል። ላይኛው ነው ያለቀው። ጣሪያው ሁሉ ቅርፊት ይዟል፤ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ወለሉ ላይ መውጫው ዙሪያ የተጠራቀመው እንደ ቡና አተላ የወፈረ ነው። ከውጭ ደግሞ ከስሩ አንድ ቦታ አባቴ ሳሙና ለጥፎበት ነበር። ሳሙናው ዝገቱን ይዞ ደርቋል፤ ስፍቀው ከስሩ መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ ወጣች። የልብስ ሳሙና በቤንዚን ቶሎ ስለማይሟሟ ያን ሁሉ ዘመን ችሏል። አባቴን አደነቅኩት።

ሰፈራችን ያለው በያጅ ልጅ መጥቶ አየና «ቲቸር፣ ውሃ ሙላበትና በአምስት ደቂቃ እበይድልሃለሁ» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ የቤታችንን በር የሠራው እሱ ነው። ግን አይሆንም አልኩት። የብረቱ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ቤንዚን በውሃ ታጥቦ አያልቅም፤ እሳት ሲያገኘው ተንኖ ይወጣል። ደግሞስ ቀዳዳዋን ብንደፍናት ጣሪያው ምን ይሆናል? በዚያ ላይ የሳሳ ላሜራ ሲበየድ ቀዳዳው ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ልጁ ትንሽ ቅር ብሎት ሄደ።

ሌላ ሳልባትዮ አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ተገኘ። እዚህ ላይ ቮልስ ያላችሁ ስሙኝ፤ ሻጩ «ቮልስ ቮልስ ነው፣ ሁሉም ይገጥማል» ቢላችሁ አትመኑት። ከ1961 ሞዴል በፊት ያለው ሌላ ነው፣ ከ1961 እስከ 1967 ያለው ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ ከ1968 ጀምሮ ያለው ደግሞ ቤንዚን የሚሞላው ከውጭ፣ በቀኝ በኩል ባለ በር ስለሆነ አንገቱ ወደ ጎን ይወጣል። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ካለፈው ዓመት ነሐሴ መሆኑን አትርሱ። የሊብሬውን ዓመት ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም። እኔ ፎቶውን በቴሌግራም አስልኬ፣ አንገቱንና የተንሳፋፊውን ቀዳዳ አይቼ ነው ገንዘቡን የላክሁት። ዕቃው ቡና ሊጭን ባዶውን ወደ ጅማ በሚመጣ አይሱዙ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደረሰ።

ያገለገለ ስለሆነ እሱም ቀላል ዝገት ነበረው። ኮምጣጤ ሞላሁበት፣ ቁራጭ ሰንሰለት ጨመርኩበት፣ እያገላበጥኩ አሳደርኩት። ዳዶም ጠጠርም ይሠራል፣ ግን ሰንሰለት ሲያልቅ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ፤ ጠጠር አንዷ ትቀርና ዕድሜ ልክ ታንኳኳላችኋለች። በሚቀጥለው ቀን በቤኪንግ ሶዳና በውሃ አጠብኩት። ከዚህ በኋላ ማረፍ የለም፤ የታጠበ ራቁት ብረት በሰዓታት ውስጥ እንደገና ቀይ ይሆናል። የጥቅምት ፀሐይ ረድታኛለች። እንደደረቀ ጥቂት ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር ቀላቅዬ ውስጡን ሁሉ አዳረስኩት። ከውጭ ስሩን አንቲሩጂኒ (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባሁት።

ሲገጠም ሳልባትዮው ከቦዲው ጋር እንዳይፋተግ ዙሪያውን ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ አነጠፍኩ። ለዚህ ቦታ ከመነዳሪ ይበቃል። ለቤንዚኑ ቱቦ ግን አይበቃም፤ የውሃ ቱቦም አይሆንም። በቤንዚን ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ቮልስ ደግሞ የምትቃጠለው በአብዛኛው ከዚህች ቱቦ ነው። እውነተኛ የቤንዚን ጎማ፣ በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት)። ፊልትሮውን (የቤንዚን ማጣሪያውን) ከሳልባትዮው ስር አደረግኩት። ሁሉም ሰው ሞተሩ ጋ፣ ከፖምፓውና ከካርቡራተሩ መሃል ያንጠለጥለዋል፤ ለዓይን ስለሚቀርብ ይመስለኛል። እዚያ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቀን ቱቦውን ይዞ ይወልቅና ቤንዚኑን የጋለ ሞተር ላይ ያፈስላችኋል።

መጀመሪያ ጥቂት ሊትር ብቻ ሞልቼ ስሯ ካርቶን አንጥፌ አሳደርኳት። ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ጅረንም ሳትንተፋተፍ ትወጣለች። ካርቡራተሩን እስካሁን ማንም አልነካውም።

የድሮውን ሳልባትዮ ሐጂ አይተውት «ወላሂ ቆርጠን ለከብት ውሃ እናድርገው» ብለውኝ ነበር። «ሐጂ፣ ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ነበረ፣ ከብቶቹን ይጎዳብዎታል፤ መቁረጡም ያው እሳት ነው» ብያቸው ተውነው። ያለ ክዳን ጓሮ ተጥሏል፤ ቁራሌው ሲመጣ ይወስደዋል፣ ምን እንደነበረ ግን እነግረዋለሁ።

የቀረኝ ጌጇ ነው። ሳልባትዮው ሙሉ ሆኖ ቀስቱ ግማሽ ላይ ይቆማል። ተንሳፋፊው ከሶማሌ ተራ የመጣው ነው፤ ክንዱ ትንሽ የታጠፈ ይመስለኛል። ለ1962 እስከ 1967 ሞዴል የሚሆን ባለገመድ ተንሳፋፊ ያለው ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ዋጋውን ይጻፍልኝ። ባለኤሌክትሪኩን እንዳትልኩልኝ።