ሎብስተር ይመለሳል፣ ቆሮሶ አይመለስም

ጅማ ተቀምጦ ስለ ሎብስተር መጻፍ ቀልድ ይመስላል። ሎብስተር ጠንካራ ቅርፊትና መቆንጠጫ ያለው እንስሳ ነው፣ ባሕር ይፈልጋል፤ እኛ ያለን ቦዬ ረግረግና በቀርሳ፣ በኦሞ ናዳ፣ በጥሮ አፈታና በሰኮሩ ወረዳዎች መሃል የተኛው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ነው። ያም ሆኖ አስጋሪን ከጎን አሰልፎ ዓሣን ስለ መጠበቅ ሲወራ ቶሎ የሚጠቀሰው የአሜሪካዋ የሜይን ግዛት ሎብስተር ነው። ምሳሌው ጥሩ ነው። ችግሩ እንዳለ ገልብጦ ግድቡ ላይ ለመለጠፍ ሲሞከር ነው።

መጀመሪያ እዚያ የሚሠራውን እንይ። ሎብስተር የሚያዘው ባሕር ወለል ላይ በሚቀመጥ የሽቦ ወጥመድ ስለሆነ ከነሕይወቱ ይወጣል። ሴቷ እንቁላሏን ከጭራዋ ሥር አጣብቃ ከ9 እስከ 11 ወር ትሸከማለች። እንዲህ ያለችውን የያዘ አስጋሪ ከጭራዋ ክንፎች አንዱን በ«ቪ» ቅርጽ ሸረፍ አድርጎ ይለቃታል። ሌላ ጊዜ እንቁላል ሳትይዝ ሌላ ሰው ወጥመድ ውስጥ ብትገባ ሽራፊው ይናገርላታል፤ ያም ሰው ይለቃታል። የጀርባ ቅርፊቱ ከዓይን ጉድጓድ ጀምሮ ሲለካ 83 ሚሊ ሜትር ያልሞላው ገና ነው ተብሎ፣ ከ127 የበለጠው ደግሞ ለዘር ይቅር ተብሎ ይመለሳል። መለኪያዋ በእጅ የምትያዝ ቁራጭ ብረት ናት። ተቆጣጣሪ በየጀልባው ሊቆም አይችልም፤ ደንቡን ያቆየው እኔ የለቀቅኳትን ጎረቤቴ አይወስዳትም የሚል እምነት ነው።

አሁን ወደ ጊቤ። ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ፣ እንቁላሏን የምትይዘው በአፏ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር አሸዋውን ወይም ጭቃውን በአፉ እየዛቀ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። እሷ እዚያ ትጥላለች፣ ወዲያው በአፏ ትለቅማለች፣ ይዛ ትሄዳለች። ሁለት ሳምንት ገደማ ምግብ ብዙም አትቀምስም፤ ስለዚህ መንጠቆ እምብዛም አያገኛትም፣ መረብ ግን አይምራትም። ጎህ ሲቀድ መረብ በሚጎተትበት ጀልባ አጠገብ የቆመ ሰው የሚሆነውን በዓይኑ ያየዋል፦ አገጯ የተነፋ ቆሮሶ ከክሩ ስትፈታ አፏን ትከፍትና ከሰናፍጭ ፍሬ ከፍ፣ ከማሽላ ዝቅ የሚሉ ብጫ እንክብሎች ጀልባው ወለል ላይ ይበተናሉ። እነሱን አፍሶ ወደ ውሃ መመለስ ለሕሊና ካልሆነ በቀር አይጠቅምም፤ እንቁላሉ አፏ ውስጥ እየተገላበጠ ንጹሕ ውሃ ካላለፈበት ይሻግታል። እናቲቱም ብትሆን ክር ስንጥቧ ውስጥ ገብቶ፣ ቅርፊቷ ተልጦ፣ ሌሊቱን ታንቃ ካደረች ብትለቀቅም ዕድሏ ጠባብ ነው።

ልዩነቱ ይኸው ነው። የሎብስተር ደንብ ከተያዘ በኋላ ይሠራል፤ የቆሮሶ ደንብ መረቡ ውሃ ከመግባቱ በፊት ካልሠራ አይሠራም። «እንቁላል የያዘችውን ልቀቁ» የሚል መመሪያ እዚህ ወረቀት ማባከን ነው። ከሜይን የሚወሰደው የአስጋሪዎቹ ስምምነት ሲሆን፣ የእኛ ስምምነት ግን በመረብ ዓይን፣ ማለትም በቀዳዳው ስፋት፣ እና በቦታ ላይ መሆን አለበት። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረቱን ጥሏል፤ በየጥጉ ቆሞ የሚያስፈጽመው ግን አስጋሪው ራሱ ነው።

የመረብ ዓይን ላይ የሚነሣው ጠብ አብዛኛው ከአለካክ ነው። ሻጩ ከአንድ ቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ያለውን ጎን ለክቶ «4 ሴንቲ» ይላል። ባለሙያው ዓይኑን ወጥሮ ትይዩ ያሉትን ቋጠሮዎች ለክቶ «8 ሴንቲ» ይላል። መረቡ አንድ ነው። የአስጋሪዎቹ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ላይ «ከ4 ሴንቲ ያነሰ ክልክል ነው» ተብሎ አለካኩ ሳይጻፍ ከቀረ፣ ተወጥሮ 4 ሴንቲ የሚሆን፣ ማለትም የታሰበውን ግማሽ የሆነ መረብ የያዘ ሰውም ደንቡን አክብሬያለሁ ብሎ ይሞግታል። ሙግቱንም ያሸንፋል። ስለዚህ «ተወጥሮ ሲለካ» የሚለው ሐረግ የግድ ነው። መረቡ ይርጠብ፤ ከጠርዝና ከተጠገነ ቦታ ራቅ ብሎ በአንድ መስመር 10 ዓይን በእጅ ይወጠር፤ ርዝመቱ ለ10 ይካፈል። 80 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ዓይኑ 8 ነው። አንድ ዓይን ብቻ መለካት በተንሻፈፈች ቋጠሮ ሰው ያጣላል።

ስንት ይሁን የሚለውን ከሌላ ሐይቅ መገልበጥ አይገባም። ቆሮሶ ሲጠበብበትና ሲጠመድ ሲበዛ በትንሽነቱ መውለድ ይጀምራል፤ የጫሞና የጊቤ ዓሣ በአንድ ቁጥር አይዳኙም። የሚያስፈልገው 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ ነው፤ አንድ ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ ይመታበታል፣ ከዚያ ጥግ ዜሮ ብሎ የሚጀምር የልብስ ሰፊ ሜትር ይለጠፍና በቫርኒሽ ይቀባል። ሜትሩ ከጥጉ በ1 ሴንቲ ፈቀቅ ካለ የዓመት ሥራ በ1 ሴንቲ ይበላሻል። ዓሣው አፉ ተዘግቶ ጣውላውን ይነካል፣ ጭራው ጫፍ ያረፈበት ይጻፋል። በየወሩ ወደ 30 የሚሆኑ ሴቶች ሲታረዱ ሆዳቸው ይታይ፦ እንቁላል ፍሬው ለዓይን ይለያል ወይስ አይለይም? በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ተከፋፍሎ ሲደመር፣ ከሴቶቹ ግማሾቹ እንቁላል የያዙበት ርዝመት ይገኛል። መረቡ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ እንዲይዝ ይመረጣል። ሁለት ዓይነት መረብ፣ ለምሳሌ 8 እና 10፣ ጎን ለጎን አሳድሮ የያዙትን ሳንቃው ላይ ማወዳደር ከማንኛውም ስብሰባ በላይ ያሳምናል። ይህ ሁሉ መዝገብ የመውለጃውን ወርም አብሮ ይነግራል።

ቦታው ከዚህ ይከብዳል። ጎጆዎቹ ያሉት ሣር ባለበት ጥልቀት አልባ ጥግ ነው፤ ጎታች መረብ እዚያ አንዴ ካለፈ ጎጆውንም ጫጩቱንም ጠርጎ ይሄዳል። ጥጉን መከለል ቀላል ይመስላል፤ ግድብ ግን ሐይቅ አይደለም፣ ውሃው ለኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ከክረምቱ በኋላ ጥቅምት ላይ ዳር የተተከለ ካስማ ሚያዝያ ላይ የታረሰ መሬት መሃል ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚከለለው ቦታ በካስማ ሳይሆን በዕለቱ ከውሃው ዳር በሚለካ ገመድ ይወሰን፤ ተንሳፋፊ የታሰረበት የ50 ሜትር ገመድ ይበቃል። ውሃው ሲሸሽ እየተከተለ የሚያርሰው ገበሬም ስብሰባው ላይ ይቀመጥ። የእሱ ፀረ ተባይ የሚታጠበው እዚያው ጥግ ላይ ነው።

ነጭ ዓሣ የሚሉት ባርበስ ሌላ ነው፤ በክረምት ለመውለድ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል። ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ የመጪውን ዓመት ዓሣ በር ላይ እንደ መጠበቅ ነው።

ብርብራን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ለቡናችን ጥላ የሚሆነው ዛፍ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን የዓሣውን ትንፋሽ ያቆማል፤ በውስጡ ያለው ሮተኖን የሚባል መርዝ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም። ለአንድ ቅርጫት ዓሣ የወንዙ ትውልድ ይከፈላል። ይህን የሚያስቆመው ዘበኛ ሳይሆን ከታች ያለው አስጋሪ የላይኛውን ሰፈር ሰው የሚያውቅ ከሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ገዢው ነው። ነጋዴው በኪሎ በአንድ ዋጋ ከገዛ 15 ሴንቲውና 25 ሴንቲው ለአስጋሪው አንድ ናቸው፤ አስጋሪውን ጠባብ መረብ የሚያስይዘው ያ ዋጋ ነው። ሳንቃው ላይ ቀይ መስመር ተሠምሮ ከመስመሩ በታች ያለው በግልጽ የረከሰ ዋጋ ሲቆረጥለት፣ መረብ የመቀየሪያ ምክንያት ይገኛል። ጅማ ያሉት ሆቴሎችም ለጉላሽ የሚበቃ ሥጋ የሚያወጡት ከትልቁ ነው፤ ትንሹ እሾህ ብቻ ነው።

ከሎብስተር ወጥመድ አንድ ብልሃት ግን በቀጥታ ይወሰዳል። ወጥመዱ ከጠፋ ዝም ብሎ እንዳይገድል አንዱ መስኮት በሚበሰብስ ነገር ይታሰራል። መረብም ሲጠፋ ማጥመዱን አያቆምም። ተንሳፋፊዎቹን ከመረቡ ጋር በጥጥ ክር ማሰር ነው፤ ክሩ ሲበሰብስ ተንሳፋፊው ይለቃል፣ መረቡ ይተኛል። ክፋቱ ሥራ ላይ ያለውም ክር መበስበሱ ነው፤ በየጊዜው ካልታየና ካልተቀየረ ደህናው መረብ መሃል ሌሊት ይወድቃል።

አስጋሪው የሚይዘው ደብተር ላይ የሚጻፈው ጥቂት ነው፦ ቀን፣ ስንት መረብ፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆየ፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ዓሣ። ባዶ የተመለሰበት ቀንም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አማካዩ ውሸት ይሆናል። እንበልና አንድ ጀልባ አምና በ3 መረብ 12 ኪሎ ያወጣ ነበር፣ ዘንድሮ በ6 መረብ ያንኑ 12 ኪሎ ያወጣል። ገበያ ላይ የጎደለ ነገር አይታይም። በአንድ መረብ ግን 4 ኪሎ የነበረው 2 ሆኗል፤ ኪሎው ለዓሣው ቁጥር ሲካፈልም አንዱ ዓሣ ከአምናው ቀልሎ ከተገኘ፣ ስለ መረብ ዓይን መነጋገሪያው ሳምንት ያ ነው።